ወፍጮ ቤት የሚሰማ ጆሮ

ጆሮው የከበደ ዘመድ ካላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ እጁን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጆሯችሁ የከበደው እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ንባቡን ተዉትና አሁኑኑ ሂዱ፤ ስትመለሱ ታነቡታላችሁ። ረጋ ብሎ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። እኔ ከዳንኩ ወራት ቢያልፉም ደስታው ገና አልበረደልኝም፤ በር ሲጢጥ ባለ ቁጥር «ሰማሁት!» እያልኩ ቤተሰቡን አስቸግራለሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ ተወልጄ፣ እዚያው አግብቼ፣ እዚያው ወልጄ፣ ክርና ቁልፍ እየሸጥኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ባሌ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሱ የስፌት መኪናና የኔ ክር አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ሕመሙ ምን እንደወሰደብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ የባሌን ድምፅ ነው የወሰደብኝ። ሰይድ ሲጮህ እንጂ ሲናገር ድምፁ ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር። ሰው አብሮት የሚተኛውን ሰው ድምፅ ይረሳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይረሳል፣ ወላሂ።

ነገሩ የጀመረው ልጄን ሐያትን በወለድኩ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጆሮዬን ጭው ይለኝ ጀመር። ዝምታ ሲሆን ይብስበታል። እናቴ ጤና አዳም በዘይት አሙቃ ጠብ አደረገችልኝ፤ ጆሮዬ ጥሩ ጥሩ ሸተተ እንጂ አልተከፈተም። ክሊኒክ ሄድኩ፣ «ኩክ ነው» ብለው በውሃ አጠቡኝ። ኩኩ ወጣ፣ ጭውታው ግን እዚያው ቀረ። ሌላ ክሊኒክ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። ዓመታት አለፉ፤ ግራውም ቀኙን ተከተለ። በመጨረሻ ደሴ የሄድኩበት አንድ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነርቭ ነው፣ ነርቭ ከሞተ አይነሣም» አለ። ለመሆኑ ሞቱን በምን አረጋገጠ? በምንም! እኔም ተቀብዬ ተመለስኩ። የተሳሳተው ሐኪም አንድ ቀን ነው የተሳሳተው፤ እኔ ግን እሱን አምኜ ብዙ ዓመት ተቀመጥኩ።

ያን ሁሉ ዘመን ሰው እንዳያውቅብኝ እንዴት እንደኖርኩ ልንገራችሁ። ያዳነኝ ቲያትር ነው።

በኛ ወጣትነት ሐይቅ ላይ ቲያትር ነበር። አሁን ወጣቱ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ብቻውን ይስቃል፤ ያኔ ግን ከተማው በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ገብቶ አብሮ ይስቅ ነበር። ወንበሩ መደገፊያ የሌለው ረጅም አግዳሚ ነው። የፊቱ መደዳ የካድሬዎች ነው፤ እኛ ሴቶቹ ኋላ፣ ጄኔሬተሩ በሚንደቀደቅበት ግድግዳ ሥር እንቀመጣለን። ጄኔሬተሩ ሲሞት ማሾ ይበራና ጨዋታው ይቀጥላል። በመሐሉ አንዷ ወጥታ በአምባሰል ስታንጎራጉር የጠጣው ሁሉ ይሰክናል፣ ያልጠጣውም ያለቅሳል። የአዲስ አበባ ቡድን ደሴ መጣ የተባለ እንደሆነ ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ቆመን እንሄድ ነበር። ሰይድ ሁልጊዜ በአጋጣሚ አጠገቤ ይቆማል። አባቴ አጋጣሚው እንደበዛ ሲገባው ዳረኝ።

አንዱን ቲያትር አልረሳውም። ሚስት ትታመማለች። እሷ ሆስፒታል ውሰደኝ ትላለች፣ ባል ጠንቋይ ጋ ነው የምወስድሽ ይላል። ይከራከራሉ፣ ባል ዱላ ያነሣል። የገበያ ቀን ስለነበር ከአምባሰል የመጡ ሰዎች አዳራሹን ሞልተውታል፤ ከነሱ መሐል አንድ አበጋር ነበሩ። አበጋር በኛ አገር ደም የተቃባውን ሳይቀር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ዱላው ሲነሣ እኒያ አባት ብድግ አሉ።

«ቁም! እኔ እያየሁ ሴት ትመታለህ?»

አግዳሚውን እየተሻገሩ መድረክ ላይ ወጡ። ባል ሆኖ የሚጫወተው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ዱላውን ጣለና እጅ ነሣ። ምን ያድርግ? ከመጋረጃው ጀርባ «ቀጥል! ቀጥል!» ይሉታል፣ አበጋሩ ደግሞ «ተቀመጥ» ይሉታል። ተቀመጠ። ሁለቱንም መድረኩ ወለል ላይ አስቀምጠው የሚስትን በደል ሰሙ፣ የባልን ሰበብ ሰሙ፣ ባልን «ነገ ሆስፒታል እወስዳታለሁ» አሰኝተው አስምለው፣ መርቀው ወረዱ። እንግዲህ ከታረቁ በኋላ ምን ቲያትር አለ? መጋረጃው ተዘጋ። ሐኪሙ ወጥቶ ሚስትን የሚያድንበት የመጨረሻው ክፍል ሳይታይ ቀረ። ሰይድ ለሳምንት ሲበሳጭ ሰነበተ፤ የሐኪሙን ነጭ ጋውን የሰፋው እሱ ነበርና።

ለማንኛውም፣ ከዚያ የኋላ አግዳሚ የተማርኩት አንድ ትምህርት ነው። በጄኔሬተሩ ድምፅ ግማሹ ንግግር አይሰማንም። ስለዚህ ፊት እናያለን፣ እጅ እናያለን፤ የፊቱ መደዳ ሲስቅ እንስቃለን፣ ሲያዝን ከንፈር እንመጥጣለን። ጆሮዬ ሲዘጋ ኑሮዬን በዚሁ መንገድ ያዝኩት። ሠርግ ቤት ሌላው ሲስቅ ትንሽ ዘግይቼ እስቃለሁ። ለቅሶ ቤት አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ፈገግ ብዬ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ስንቱን ነገር «እሺ» እንዳልኩ አላህ ይወቀው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠረጠረኝ። ወፍጮ ቤት ስገባ እሰማለሁ! ድንጋዩ እየጮኸ፣ ሰው ሁሉ «ምን አልሽ?» ሲባባል እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። ሰይድ መኪናውን ሲረግጥ እሰማዋለሁ፣ ሲያቆም ይጠፋብኛል። ይህ ነገር ቤቴን አመሰው።

«እየመረጥሽ ነው የምትሰሚው!» ይለኛል ሰይድ። «ጫጫታ ውስጥ የሰማ ጆሮ ጸጥታ ውስጥ እንዴት ይደነቁራል? ንቀት ነው እንጂ ሕመም አይደለም!»

ምን ብዬ ላስረዳው? እኔም አልገባኝም። ራሴን ተጠራጠርኩ፤ ምናልባት እውነት ንቄው ይሆን እንዴ እያልኩ ተኝቼ አስብ ነበር። እሱ መጮህ ልማዱ ሆነ። እኔ ደግሞ የራሴ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ስለሚያስተጋባብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ከውጭ ለሚሰማ ሰው በቤታችን የሚሰማው የሰይድ ጩኸት ብቻ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ሰይድ ሚስቱን አንገላታት እያለ ሲያወራ የማያውቁት እኔና እሱ ብቻ ነበርን። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ተዋቡ አንጀቷ አልችል ብሎ ሽማግሌ ላከች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባ ይመር ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ሰይድ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ መስሎት ሜትሩን አንገቱ ላይ አደረገ።

አባ ይመር ተቀምጠው ብዙ ተናገሩ። እኔ ፊታቸውን አያለሁ፤ የሚያሳዝን ነገር ነው። ከንፈሬን መጠጥኩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጠየቁኝ። ፊታቸው ደግ ነበር፤ እኔም ፈገግ ብዬ አንገቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ለካስ «ይመታሻል ወይ ልጄ?» ነው ያሉኝ!

ሰይድ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ኧረ ወላሂ! በእጄ ነክቻት አላውቅም! ዘይነባ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» ብሎ እንደ ልማዱ ጮኸብኝ።

«ይኸው» አሉ አባ ይመር ወደ ጓደኛቸው ዞረው፣ «በፊታችንም አልተወ።»

ይህን ሁሉ፣ ይቅርታ ጠይቃት ብለው እንዳስገደዱትም፣ ሐያት ናት ከአባቷ ሰምታ በኋላ የነገረችኝ። እኔ ያየሁት ባሌ መጥቶ ጉልበቴን ሲስም ነው። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። ሽማግሌዎቹ በይቅርታዬ ተደስተው መረቁኝ።

ሐያት ከጅዳ ከተመለሰች ጥቂት ቀኗ ነበር። ሻይ ይዛ ስትገባ አባቷ እግሬ ሥር፣ እኔ ፈገግታ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ምርቃት ላይ ደረሰች። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ከኋላዬ ቆማ «እማ» አለችኝ። ደግማ «እማ»። አልዞርኩም። መጥታ ፊት ለፊቴ ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «አንቺ እኮ አትሰሚም» አለችኝ ከንፈሯን እየገለጠች። «ይኼን ያህል መሆኑን ለምን አልነገርሽንም?» አባ ይመር ይህን ሲሰሙ ሰይድን ራሱን ይቅርታ ጠየቁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ስንት ጊዜ ለሰው ተናግሬዋለሁ መሰላችሁ። ለራሴ ግን አልተናገርኩትም።

ሐያት ጅዳ የሠራችበት ቤት አሮጊቷ እመቤት ጆሯቸው በቀዶ ሕክምና ተከፍቶላቸው አይታለች። «ነርቭ ሞቷል ያለሽ ሰው ያለው እንደገና ይጣራ» ብላ ደሴ ወሰደችኝ።

የመጠበቂያ ክፍል ለማይሰማ ሰው እንዴት ያለ ጭንቅ ነው! ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሣል፣ ሰው ይገባል። ሐያት ካርድ አውጥታልኝ ልትከፍል ሄዳ ስትቆይብኝ ስሜ ተጠርቶ ያለፈኝ መሰለኝ። አጠገቤ አንዲት ከውጫሌ የመጣች ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጆሮዬን አሳየኋት፣ ስሜን ነገርኳት። አልሳቀችም። እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችውና ስሜ ሲጠራ ጭምቅ አደረገችኝ። የልጇ ተራ አልፎባት ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ ባለችበት አላህ ይስጣት።

ሐያትም ደርሳ አብረን ገባን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጆሮዬን በመብራት አየና ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ አሳየኝ፦ ጫጫታ ውስጥ ይሻልዎታል?

አለቀስኩ። እውነቴን ነው፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ንቀት ነው የተባለውን፣ ራሴም የተጠራጠርኩትን ነገር ይህ ልጅ ሳልነግረው ያውቀዋል! እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ጫጫታ ውስጥ ይሻለዋል ብሎ ጻፈልኝ፤ ጫጫታው ለሱ ስለማይሰማው፣ ሌላው ሰው ግን ድምፁን ከፍ ስለሚያደርግ። ከዚያ ሹካ የመሰለ ብረት አወጣና ክርኑ ላይ መታ አድርጎ ጆሮዬ ፊት ያዘው። ምንም። ደግሞ መታውና የብረቱን እግር ከጆሮዬ ኋላ አጥንቱ ላይ አሳረፈው። ያ አላህ! ጭንቅላቴ ውስጥ ደወል ተደወለ! ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሐያት የደነገጥኩ መስሏት ያዘችኝ፤ እኔ ግን «ድገመው! ድገመው!» እያልኩ ነው። ሐኪሙ እየሳቀ ደገመው። ነርቩ አልሞተም! ድሮም አልሞተም!

እንዲህ ብሎ አስረዳን፣ ሐያት በጆሮዬ እየጮኸች ተረጎመችልኝ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ድምፅ የሚያሻግሩ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ትንሿ የኮርቻ እርካብ ትመስላለች። በአንዳንድ ሰው፣ በተለይ በሴት፣ እርግዝናም እያባሰው፣ በዙሪያዋ አጥንት ይበቅልና ያጣብቃታል። እርካቡ ካልተነቃነቀ ድምፅ አይሻገርም። ቀዶ ሐኪሙ እሷን አንሥቶ በቦታዋ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ሰው ሠራሽ ይተካል። አዲስ አበባ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይደብቅ ነገረን። ብዙው ሰው ይድናል፤ ጥቂት ሰው ግን በዚያ ጆሮ የቀረችውንም ያጣል።

ቤት ስንመለስ ክርክር ሆነ። ወጪውን ሐያት እችላለሁ አለች፤ የሰይድ ችግር ወጪው አልነበረም።

«ያለሽን እንዳታጪ!» ብሎ ጮኸ።

«ያለኝማ ጩኸትህ ነው» አልኩት። «እሱ ቢቀርብኝ ምን ይጎድለኛል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሜትሩን እየጠቀለለ እየፈታ ቆየና ወደ መኪናው ተመለሰ። ፈርቷል ለካ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን የሰይድን ተራ ድምፅ ሳልሰማ መሞት አልፈለግኩም።

አዲስ አበባ ቀጠሮው አንዴ ተላለፈ፣ ደግሞም ተላለፈ። ተራዬ ሲደርስ ራሴን አዙረው በጨርቅ ሸፈኑኝና ጆሮዬን ብቻ በመርፌ አደነዘዙት። አላስተኙኝም። ይህን ስሰማ ልቤ ሊቆም ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ቢያስተኙኝ ኖሮ እንዴት ይቆጨኝ ነበር! ከጨርቁ ሥር ሆኜ የድሮው ቲያትር ትዝ አለኝ። ያኔ ሐይቅ ላይ ሳይታይ የቀረው የሐኪሙ ክፍል ይኼው ነው፣ ዘይነባ፣ ተኝተሽ እዪው አልኩ። ጋውኑ ነጭ ሳይሆን አረንጓዴ መሆኑን ለሰይድ እነግረዋለሁ ብዬም አሰብኩ።

መግፋት ተሰማኝ፣ መነካካት ተሰማኝ፣ ጭንቅላቴ ዞረ። ከዚያ ቅጭል የሚል ድምፅ መጣ። ብረት ሳህን ላይ ሲቀመጥ! ሌላ ቅጭል። የሰው ትንፋሽ። ቀጥሎ ሳይጮህ፣ እንዲያውም በሹክሹክታ፣ «እማማ፣ ስምዎትን ይንገሩኝ» የሚል የሰው ድምፅ።

«ዘይነባ!» አልኩ። «ዘይነባ ነኝ! ሰማሁ! የብረቱንም ሰማሁ!»

«አይንቀሳቀሱ እማማ፣ አይሳቁ!» አለኝ፤ የሱም ድምፅ እየሳቀ ነበር።

ደስታው ግን ወዲያው ተነጠቀ። ጆሮዬን በፋሻ ጠቅጥቀው ሲያሽጉት ሁሉም ነገር ጠፋ። አልጋው ይዞራል፣ ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም አለ። አታስነጥሺ፣ ከመጣብሽም አፍሽን ከፍተሽ አስነጥሺ፣ አትናፈጪ፣ ከባድ አታንሺ ተባልኩ። ያን ሰሞን የነበረኝን ፍርሃት አላወራውም። ሰማሁ ያልኩት ሕልም ቢሆንስ? ከጥቂቶቹ አንዷ እኔ ብሆንስ? ሐያት አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ እግሬን እያሸች «አብሽሪ እማ» ትለኛለች፤ ከከንፈሯ ነው የማነበው።

ፋሻው የወጣበት ቀን የዓለም ዕቃ ሁሉ ወደ ጆሮዬ ገባ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ጫማ ይጎተታል፣ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ደጅ ላይ መኪና ያንባርቃል። ሐያት ከኋላዬ ሄዳ ቆመች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ።

ዞርኩ። ተቃቅፈን ስንላቀስ ነርሷም አብራን አለቀሰች።

ለአባቷ ስልክ ልትደውል ስትል ከለከልኳት። «ሐኪሙ ገና ይታያል ብሏል በይው» አልኳት። በስልክ ጮኾ እንዲጠይቀኝ አልፈለግኩም። ፊት ለፊት ሆኜ፣ ሲናገር ልሰማው ፈለግኩ።

ሐይቅ ስንደርስ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። «እንዴት ነሽ!!» ብሎ ሲጮህ ተሳፋሪው በሙሉ ዞረ፣ የባጃጁ ሹፌር እንኳ ደነገጠ። እኔ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ እንደ ድሮዬ ፈገግ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። መንገዱን ሁሉ ዝም አለ፤ ቤት ገብቶ ሲቀመጥም ዝም አለ። ለማይሰማ ሰው ምን ይናገራል? እኔም ይናገር እንደሆነ ጠበቅኩ። ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ አዛን ቀሰቀሰኝ። ከሐይቁ በኩል የወፎች ጫጫታ ይመጣል። ማዞሩ ገና ስላልለቀቀኝ በኋላ ቁጭ ብዬ ልሰግድ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞርኩ ተኝቻለሁ። ሰይድ ሰገደ፣ ሲጨርስም እጁን ዘርግቶ ዱዓ ጀመረ። ከአልጋዬ አጠገብ ነው፤ የሚሰማው ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ሆኖ በተራ ድምፁ ነው የሚናገረው።

ድምፁ ቀጭን ነው ለካ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል።

«ያ ረቢ፣ የሷን ጆሮ ክፈትላት» ይላል። «ካልሆነም ከኔ ውሰድና ለሷ ስጣት። እኔ መኪናዬ ላይ እኖራለሁ፤ ለልብስ ሰፊ ዓይኑ ይበቃዋል። እሷ ጨዋታ ትወዳለች። እኔ ስጮህባት ደግሞ ልቧ እንዳይሰበር ጠብቅልኝ፤ የምጮኸው እንድትቀርበኝ ነው።»

አዲስ ልመና አልነበረም። ሳያስብበት ነው የሚፈስለት፤ ብዙ ጠዋት ያለው ነገር ነው። እኔ ንቆኛል፣ ሰልችቼዋለሁ እያልኩ ስከፋ፣ እሱ በየማለዳው እዚሁ አጠገቤ ቆሞ ጆሮውን ሲሰጠኝ ኖሯል።

«ኧረ ተው ሰይዶ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «እኔ አግኝቻለሁ፤ ያንተን ለራስህ ያዝ!»

እጁን እንደዘረጋ ዞረ።

«ሰማሽኝ?» አለ። አልጮኸም።

«ሰማሁህ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሲያለቅስም ሰማሁት። ቆይቶ ፊቱን ገለጠ። እጁን ግን እንደገና ዘረጋ፤ ምን እንደሚያደርግበት የጠፋው ይመስላል።

«እንግዲህ ሌላ ምን ልለምን?» አለኝ፣ በዚያው በቀጭን ድምፁ።

«ስለ ጉልበትህ ለምን» አልኩት። «ትናንት ስትቀመጥ ስታቃስት ሰምቼሃለሁ።»

ቀስ ብሎ ስለ ጉልበቱ ለመነ። እኔም አሚን አልኩ።